እናቴ ያልሰጠችው ድምፅ

ችኩል ነኝ። ዛሬም አልተሻለኝም፤ ያኔ ግን ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ኮሜርስ ሲቲ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ስደረድር ቆይቼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቼ ወደ ኮሌጅ እከንፋለሁ። መኪና ውስጥ እበላለሁ፣ መኪና ውስጥ ልብስ እቀይራለሁ፣ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ደብተር እከፍታለሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ትምህርት የጀመርኩት ነርስ ልሁን ብዬ ነው። ታዲያ ለነርስ ታሪክ ምን ያደርግላታል? ግዴታ ነው አሉኝና እያጉረመረምኩ ተመዘገብኩ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ያ ሁሉም ሰው ስለ ምርጫ የሚያወራበት ዓመት ነው። የታሪክ መምህርታችን ፀጉራቸው ነጭ የሆነ፣ ሲያስተምሩ የማይቀመጡ ቀጭን ሴትዮ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ካፌው የሚወስደውን ኮሪደር አሳዩንና "ይህን ግድግዳ እንሞላዋለን" አሉን። የሚሞላው ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት በታገሉ ሴቶች ፎቶና ታሪክ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አሜሪካ ውስጥ ሴት የማትመርጥበት ዘመን መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ሲፈጠሩ ጀምሮ ሁሉ የተሟላላቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሴቶቹ ቤት ለቤት ዞረው፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ሰፈር ድረስ ወጥተው፣ ለምነውና ተከራክረው፣ በመጨረሻ ወንዶቹ ድምፅ ሰጥተው ነው የተፈቀደላቸው።

ከግድግዳው መጨረሻ ላይ መምህርታችን ባዶ ቦታ ተዉ። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንዲት ሴት መርጠን ፎቶዋን እንድናመጣ፣ ከሥሩም ከምርጫ ጋር ያላትን ታሪክ በሁለት መስመር እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ሳላስብ እናቴን አልኩ።

እናቴ በዚያው ክረምት ነው ዜግነት ያገኘችው። ዕድሜዋ ስድሳ ሁለት ነበር፤ እዚህ አገርም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ስለኖረች ጥያቄውን በአማርኛ እንድትመልስ ተፈቀደላት። ስንት ወር አጠናች መሰላችሁ። እኔ ጥያቄውን አነብላታለሁ፣ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትመልሳለች። አንዱን ከሳተች ቢላዋውን ታስቀምጥና "ድገሚው" ትላለች። ጎበዝ ናት፤ አንድ ሳትስት አለፈች።

ለግድግዳው የሚሆን ነገር እንድታወራኝ አውሮራ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥንና "እማዬ፣ ከዚህ በፊት መርጠሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ተሰልፌ አውቃለሁ። መርጬ ግን አላውቅም" አለች።

አዲስ አበባ ሳለች የቀበሌው ሰው በር እያንኳኳ ያስወጣቸው ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲጠይቅ "አልቋል" ይባላል። ስለዚህ ትሄዳለች። አባቴ ወረቀቱን አንብቦ "እዚህ ላይ አድርጊ" ይላታል፣ ታደርጋለች፣ ይመለሳሉ። "እጄን ነው የፈለጉት እንጂ እኔንማ ማን ጠየቀኝ" አለች። ይህን ስትል አላዘነችም፤ የትናንት ገበያ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

የድሮዎቹን ሴቶች ፎቶ ኮፒ አሳየኋት። ትልልቅ ባርኔጣ አድርገው፣ ረጅም ቀሚስ ለብሰው የተሰለፉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ተጠይቀው እሺ እንዳሉ ስነግራት ሳቀች። "የኛዎቹ ሳይጠየቁ ነው እምቢ የሚሉት" አለችኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ዳር ላይ የቆመችውን አንዷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። "ይህቺ ልጆቿን ለማን ትታ ነው የወጣችው? አየሽ፣ ትተው ነው የወጡት" አለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ልቧ ውስጥ የገባው።

ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ሁሉ ምርጫ ሆነ። በምርጫው ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድም ሳይቀር ተነብቦላት፣ ራሷ መምረጥ ፈለገች። በዚህች ዓለም ላይ ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው። "እንዳትቸኩይብኝ። ዳኛም አለበት አሉ፤ ይቆይ ወይ ይውረድ የሚለው መራጩ ነው አሉ፤ ዳኛውን ምን እንደሠራ ጠይቀሽ ትነግሪኛለሽ። ሳላውቅ አላደርግም" አለችኝ። ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፣ አማርኛውን ድሮ ትምህርት ቤት የተማሩ ኤርትራዊት እናት፣ ቀደም ብለው የመረጡ ናቸውና ሲጨርሱ ደረት ላይ የሚለጠፍ ነገር እንደሚሰጥ ነገሯት። የምትመርጥበት ትምህርት ቤት የት እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ብቻዋን ሄዳ ነበር። ስትመለስ "በሩ በጀርባ በኩል ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ለጉልበቴ ጥሩ ነው" አለችኝ። እኔም ሥራ አስፈቅጄ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ዜግነቱን ቃለ መሐላ የፈጸመች ቀን፣ ስንወጣ በሩ ላይ ወጣቶች የመራጭ መመዝገቢያ ፎርም ይዘው ቆመው ነበር። የመኪናዬ ፓርኪንግ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ እኔ እግሬ መሬት አይነካም። ፎርሙን ተቀብዬ መኪናው ላይ አስደግፌ ሞላሁት። የምርጫው ወረቀት በፖስታ ቤት ይምጣ ወይ ይላል፤ ይምጣ ብዬ ምልክት አደረግኩ። ከታች ፊርማ ይላል፤ ስሟን ጽፌ ሳይን አደረግኩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ባንዲራዋን ይዛ ሰው ታያለች።

እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ የቤታችን እጅ እኔ ነኝ። የክሊኒኩ፣ የኪራዩ፣ የመብራቱ፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት ሁሉ ላይ የእናቴ ፊርማ የኔ ፊርማ ነው። "እማዬ፣ ፈርሜልሻለሁ" እላለሁ፣ "ተባረኪ" ትለኛለች፣ አለቀ። ለወላጁ ይህን ያላደረገ የሐበሻ ልጅ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ።

በጥቅምት ወር ሱፐርቫይዘሬ ለምርጫው ማክሰኞ ፈቃድ የለም አለኝ። በዚያው ሰሞን የእናቴ የምርጫ ወረቀት በወፍራም ፖስታ መጣ። እናቴ ታች ጎረቤታችን ጋ ወርዳ ነበር። ከፈትኩት፤ ረጅም ነው፣ ፊትና ጀርባ። ፕሬዚዳንቱን ማንን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፣ ስሙ ጎን ያለውን ክብ አጠቆርኩላት። ከሥሩ የተደረደረውን የሕግ ጥያቄ ሁሉ ግን አላነበብኩትም። እሺ፣ እምቢ፣ እሺ፣ እምቢ እያልኩ ወረድኩ። ዳኞቹን በሙሉ እሺ አልኳቸው። ፖስታው ጀርባ ላይ ፈረምኩ፣ አሽጌ ወደ ክላስ ስሄድ ጣልኩት። መዝገባቸው ውስጥ ያለው ፊርማም የኔው ስለሆነ ማን ይጠረጥራል? እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ የገላገልኳት ነው የመሰለኝ።

አልነገርኳትም። ረስቼው ነው ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ፊቷ ሲቀየር ማየት ስላልፈለግኩ ነው። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ማክሰኞ ደረሰ። ያን ዕለት በንጋት ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ሳልመጣላት ስቀር ተስፋ ትቆርጣለች ብዬ አሰብኩ። እናቴን እንደዚያ አድርጌ ነው የማውቃት ማለት ነው።

ከክላስ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ለዒድ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ሄድሽ እንዴ?"

"ሄድኩ። አንቺ ስትቆዪብኝ ጊዜ ሄድኩ።"

ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፋለች። ተራዋ ሲደርስ መታወቂያዋን ሰጠች። መራጭ የምትቀበለው ሴትዮ መዝገቡን አየች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ቀስ እያለች አስረዳቻት። እናቴ እንግሊዝኛዋ የገበያና የአውቶቡስ ነው፤ ቢሆንም ገባት። ወረቀትሽ በፖስታ መጥቷል፣ ተፈርሞበታል፣ ጨርሰሻል ነው ያለቻት። እናቴ ማን እንደፈረመ ወዲያው አወቀች። ምንም ብትናገር እኔን የሚያስጠይቀኝ መሰላትና "ኦኬ፣ ሶሪ" ብላ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው።

ቆሜ ቀረሁ። ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም።

"ማንን መረጥኩ?" አለችኝ።

የፕሬዚዳንቱን ስም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

"ዳኞቹንስ?"

"ሁሉንም እሺ ብያቸዋለሁ።"

"ምን ምን የሠሩ ናቸው?"

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"ሌላውስ? ብዙ ነው አሉ።"

"አላነበብኩትም።"

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ ጫማዎቹን አጋጥማ ከሶፋው ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ሳትል "አባትሽ እንኳ ያነበው ነበር" አለች።

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ተነስታ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ገባች። በማግስቱ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል። ያሸነፈው እሷ የፈለገችው ሰው ነው። "እንኳን ደስ ያለሽ" ስላት "ለመረጡት" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳችውም፤ ግን "ተባረኪ" የምትለኝን ነገር ተወች። ወረቀት ስፈርምላት ቆማ ታየኛለች።

ለጎረቤታችን "ወረቀቴ ተበላሽቶ ሳልመርጥ ቀረሁ" ብላ ነው የነገረቻቸው። ልጄ እንዲህ አደረገችኝ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ኮሌጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀኛል። ለግድግዳው የሚሆነውን ጽሑፍ ከምርጫው በፊት አስረክቤ ነበር። "እናቴ። በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ ከቤተሰባችን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና፣ በነፃነት ድምፅ ሰጠች" ይላል። ከነፎቶዋ ባለባርኔጣዎቹ ሴቶች ጎን ተሰቀለ። በሳምንት ሦስት ቀን በዚያ ኮሪደር አልፋለሁ። በአራት ስፒል ነው የተያዘው፤ በአውራ ጣቴ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ መክተት እችል ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን መምህርታችን በድሮ ምርጫዎች ስለነበረው የፊርማ ማጭበርበር ሲያስተምሩ፣ በሌላ ሰው ስም ሞልቶ መፈረም ወንጀል መሆኑን ነገሩን። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላማ ያን ወረቀት መንካት ቀርቶ ቀና ብዬ ማየትም ፈራሁ።

በመጋቢት የሴቶቹን ግድግዳ በይፋ ሊከፍቱት ቀን ቆረጡ። መምህርታችን "እናትሽን አምጫት፣ ሰው ይያት" አሉኝ። ጉልበቷን ያማታል አልኩ። ሴትዮዋ መች የዋዛ ናቸው? የጥሪ ካርድ በእናቴ ስም ቤታችን ላኩ። እናቴ ካርዱን ለኔ አላሳየችኝም፤ ታች ወርዳ ለጎረቤታችን ነው ያስነበበችው።

ማታ እራት ላይ "ግድግዳው ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" አለችኝ። ነገርኳት። ዳቦዋን ቆርሳ በላች።

"እሄዳለሁ" አለች።

ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ።

አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሰማንያ ሰው ይሆናል። ሁለት ሰው ንግግር አደረገ፤ የድሮዎቹ ሴቶች ታሪክ ተነበበ፤ እኔ እናቴ ጆሮ ላይ እተረጉማለሁ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ሰፈር በበረዶ የወጡትን ሴቶች ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ መምህርታችን የእናቴን ስም ጠርተው ወደ መድረኩ አወጧት። እኔም ለመተርጎም አብሬ ወጣሁ። ማይኩን አፏ ላይ አደረግኩላት።

እናቴ አልተርበተበተችም። ስትናገር ሰዎቹን ነው የምታየው።

"እዚያ ላይ የተጻፈው ልክ አይደለም" አለች። "እኔ አልመረጥኩም። ወረቀቴ ሄዷል፣ እኔ ግን አልመረጥኩም። እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን ትተው፣ በበረዶ ለፍተው ያገኙትን ነገር እኔ ሳላደርገው ከጎናቸው ልሰቀል አይገባኝም። ልጄን አትውቀሱብኝ። ፎቶዬን ግን አውርዱልኝ።"

ለካ ለዚህ ነው የመጣችው። ወደ እኔ ዞር ብላ ጠበቀች። ሰማንያ ሰው ይጠብቃል። መምህርታችን ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ወንጀል ነው ያሉት ነገር፣ የነርስ ትምህርቴ፣ የሰው ዓይን፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

"እናቴ በጣም ደስ ብሏታል" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ከእነዚህ ሴቶች ጎን መሰቀሏ ትልቅ ክብር ነው ትላለች። ሁላችሁንም ታመሰግናለች።"

ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። መምህርታችን እያለቀሱ አቀፏት። እናቴ በእቅፋቸው ውስጥ ሆና፣ ከትከሻቸው በላይ የሚያጨበጭበውን ሰው ግራ ገብቷት ታያለች።

መኪና ውስጥ ገብተን እስከ ሃቫና ስትሪት ነዳሁ። የምንገዛው ነገር ስለነበር ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ልወርድ ስል ያዘችኝ።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ፎቶውንም? እንዲያወርዱት?"

"አዎ።"

"አልመረጥኩም ብያቸው ነው ተነስተው ያጨበጨቡልኝ?" አለች። "ደግ ሰዎች ናቸው፤ ወላሂ ደግ ሰዎች ናቸው።" ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ "አንቺንም ከብዶሽ ነበር፣ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ተባረኪ፣ ልጄ" አለችኝ።

ከስንት ወር በኋላ ተባረኪ ያለችኝ ያን ቀን ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ማንም አይሰማም። አልተናገርኩም፤ ወርጄ ወተትና ቲማቲም ገዛሁ።

ሰኞ ፎቶውን ላወርድ ኮሌጅ ሄድኩ። መምህርታችን በመስታወት አሠርተው በብሎን አስመትተውታል። ለእናቴ "ወርዷል" አልኳት፣ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ በራ። ለመጣው ሰው ሁሉ፣ አሜሪካኖቹ ፊት እውነቱን እንዴት እንደተናገረች፣ እነሱም እንዴት ተነስተው እንዳከበሯት ታወራለች። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። በሚቀጥለው ምርጫ ሁለት ሰዓት አስቀድመን እንሄዳለን ተባባልን፤ በዚህኛውስ ከልቤ ነበር።

የሚቀጥለው ምርጫ አልደረሰላትም። በዚያው ዓመት፣ ረመዳንን ሙሉውን ጾማ ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልቧ ቆመ። ሐኪሞቹ ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ይህኛውን በራሴ ስም ነው የፈረምኩት።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤታችን የእናቴን ነገር ያነሱ ጀመር። "ሐቀኛ ነበረች" አሉ። "ኮሌጁ መርጣለች ብሎ ፎቶዋን ቢሰቅላት፣ ሄዳ አልመረጥኩም አውርዱኝ ያለች ሴት ናት። ከኛ ውስጥ ማን ይህን ያደርጋል?" ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ አይደለሽ የተረጎምሽላት? እስቲ ያለችውን ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። አንድ ቃል ሳላስቀር፣ እሷ እንዳለችው፣ ልጆቻቸውን ትተው የሚለውንም፣ ልጄን አትውቀሱብኝ ያለችውንም። ሁሉም አማርኛ የሚሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አለቀሱ።

"በእንግሊዝኛውም እንዲሁ አድርገሽ ነገርሽላት?" አሉኝ ጎረቤታችን፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

"አዎ" አልኳቸው።